የቡና ዝናብና የዘር ዝናብ፦ ያልተለመደ በልግ በአንድ የጅማ ግቢ

ግቢው ጅማ ከተማ ውስጥ፣ ወደ አዌቱ ወንዝ በሚያዘቀዝቅ ቁልቁለት ላይ ነው። ከላይ በኩል ቆርቆሮ ክዳን ቤትና ማድ ቤት፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ እንሰትና ሙዝ አለ። መሐል ላይ በሁለት ዋንዛና በአንድ ሰሳ ጥላ ሥር ወደ 20 እግር ያፈራ ቡና ቆሟል። ታች የጎመን፣ የቆስጣና የቲማቲም መደቦች አሉ፤ ከጎናቸው ለእሸት የሚዘራ የበቆሎና የቦሎቄ ቁራሽ መሬት፣ በአጥሩ ጥግ ደግሞ አንድ ትልቅ አቮካዶ። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ግቢ በየሰፈሩ ስለሚገኝ በዚህ የሆነው ለብዙ ሰው ይጠቅማል። የቤተሰቡን ስም መጥቀስ አላስፈለገም።

በዚያ በልግ ግቢውን የጎዳው የዝናቡ አመጣጥ ነው። በጥር መጨረሻ አንድ ጠንካራ ዝናብ ጣለ። ከዚያ ለ6 ሳምንት ያህል ሰማዩ ጠራ፣ ሐሩሩ በረታ። መጋቢት አጋማሽን ካለፈ በኋላ በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ወረደና ከዚያ ወዲያ ሳያቋርጥ ቀጠለ። ሦስቱም በየራሳቸው ለጅማ እንግዳ አይደሉም። ተከታትለው ሲመጡ ግን እያንዳንዱ ቀጣዩ የሚያጠፋውን ነገር አዘጋጅቶለት አለፈ።

የወትሮውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች፤ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። በወሎና በሰሜን ሸዋ በልግና ክረምት በመሐላቸው ደረቅ ጊዜ ያላቸው ሁለት የተለያዩ ወቅቶች ናቸው። በጅማ ግን የበልጉ ዝናብ መጋቢት ላይ ይጀምርና እየበረታ ከክረምቱ ጋር ይገናኛል፤ እስከ ጥቅምትም ይዘልቃል። ደረቁ ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ በዚያም መሐል ካፊያ አይጠፋም። የካቲትና መጋቢት የቀኑ ሙቀት የሚያይልባቸው ወራት ናቸው። ስለዚህ በጥር የጣለ ዝናብ ከፊቱ የዓመቱ ሞቃታማ ሳምንታት እየጠበቁት ነው የሚወርደው። ይህን የሚረሳ አትክልተኛ በዝናቡ ይታለላል።

የመጀመሪያው ጉዳት፦ አልጋ ላይ ያልነበረው ጀንፈል

የጥር ዝናብ ሲጥል የቤቱ ቡና ገና አልተከተተም ነበር። መጨረሻ ላይ የተለቀመው እሸት በመሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ ተሰጥቶ፣ ላይ ላዩ ደርቆ ይንኮሻኮሽ ጀምሯል። ዝናቡ በሌሊት መጣ። ጠዋት ላይ ሸራው ውሃ አቁሮ፣ ጀንፈሉ፣ ማለት ከነቅርፊቱ የሚደርቀው ቡና፣ ዋኝቶ ተገኘ።

የደረቀ ቡና እንደገና ሲርስ ገና ከመጀመሪያው ካልደረቀው የባሰ ነው። ቅርፊቱ ውሃ ይመጥጣል፤ ውስጡ ያለው ፍሬ ግን እርጥበቱን ቀስ ብሎ ስለሚቀበል ከላይ ደርቆ እያለ ውስጡ ይሻግታል። ሽታውም ቡናው በሚቆላበት ጊዜ ይወጣል። መደረግ ያለበት ውሃውን ወዲያው ማፍሰስ፣ ጀንፈሉን ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት ማስጣት፣ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት በየሰዓቱ ማገላበጥ ነው። እዚህ ቤት የተሳሳተው ጀንፈሉን ፀሐይ ከወጣ በኋላም በላስቲክ እንደሸፈኑ መተው ነበር። ከላስቲክ ሥር የሚሞቀው ጀንፈል ያልበዋል፤ ላቡ ተመልሶ ይወርድበታል። ዝናብ ሲመጣ መሸፈን፣ ዝናቡ ሲያባራ ወዲያው መግለጥ ነው።

የደረቀ ቡና የሚከተተው እርጥበቱ ከ11 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ነው። መለኪያ በሌለበት ቤት ጥቂት ጀንፈል ፈልፍሎ ፍሬውን በጥርስ መንከስ ይቻላል፦ ጥርስ ምልክት የሚተውበት ከሆነ ገና ነው፤ የማይበገርና የሚሰበር ከሆነ ደርቋል። መሬት ላይ ከተነጠፈ ሸራ ይልቅ ከወገብ ከፍታ ላይ በእንጨትና በሽቦ ወንፊት የተሠራ አልጋ ይሻላል። አየር ከሥርም ከላይም ያገኛል፤ ጎርፍም አይነካውም። ለ1 ኩንታል እሸት ከ5 እስከ 6 ካሬ ሜትር የሚሆን አልጋ ይበቃል።

ቡናው ነቃ

የቡና እምቡጥ ከመስከረም በኋላ በቅርንጫፉ አንጓ ላይ ይፈጠራል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ካደገ በኋላ በበጋው ድርቀት ቆሞ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ውሃ ነው። ወደ 10 ሚሊ ሜትር የሚሆን ዝናብ ሲያገኝ እምቡጡ ውሃ ይስብና ከ8 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈነዳል። አበባው ነጭ ሆኖ ግቢውን በሽታው ይሞላል፤ ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ ግን አይቆይም።

በዚህ ግቢ የጥር ዝናብ ሜዳ ላይ አፈሩን አንድ ስንዝር ያህል አርሶታል። ከዋንዛዎቹ ሥር ግን ቅጠሉ ብዙውን ስለያዘው እርጥበቱ ከአራት ጣት አላለፈም። ውጤቱ በግልጽ ታየ፦ በግቢው ዳርቻ፣ ጥላ በሳሳበት በኩል ያሉት 8 እግር ቡናዎች ከሥር እስከ ጫፍ ነጭ ሆኑ። በጥላው መሐል ያሉት እዚህም እዚያም ጥቂት አበባ አውጥተው አብዛኛው እምቡጥ እንደተኛ ቀረ። ከፈነዱትም ውስጥ የተወሰኑት ትንሽ፣ አረንጓዴ ያደላቸው፣ መልካቸው ደረቅ የሆነ አበቦች ነበሩ። እንዲህ ያለ አበባ ውሃ ሳይበቃው ወይም ሙቀት ሲበረታበት የሚወጣ ነው፤ ፍሬ አይቋጥርም። አይቶ መለየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የዚያ ቅርንጫፍ የዓመቱ ምርት በዚያው አልቋል።

ከዚያ ሰማዩ ጠራ። አሁን የሚነሳው ጥያቄ ውሃ ማጠጣት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነው። መልሱ ለሁሉም እግር አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ሙሉ በሙሉ ያበበ ቡና የቋጠረው ፍሬ ከሰናፍጭ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም። ለ6 እስከ 8 ሳምንት ያደገ አይመስልም። በዚህ ጊዜ ውሃ ካጣ ዛፉ ፍሬውን ያራግፋል። ስለዚህ ያበቡት 8 እግሮች መጠጣት ነበረባቸው። እምቡጣቸው የተኛው ግን መነካት አልነበረባቸውም። ለእነሱ ውሃ ማጠጣት ማለት በሐሩር መሐል ሁለተኛ ዙር አበባ መቀስቀስ ነው፤ ከዚያ እነሱንም እስከ መጋቢት በጄሪካን ማኖር ግድ ይሆናል። የተኛ እምቡጥ እንደተኛ እውነተኛውን ዝናብ ቢጠብቅ ምንም አይጎዳም።

መጠኑን ማስላት ከባድ አይደለም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የአንድ ያደገ ቡና ቅርንጫፎች የሚሸፍኑት መሬት 2 ካሬ ሜትር ግድም ቢሆን፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሆነዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ8 እግር 8 ጄሪካን። ለ20ውም ቢሆን ኖሮ 20 ጄሪካን ነው፤ ቧንቧ በየተራ በሚመጣበት ሰፈር ይህ የማይታሰብ ነው። በየቀኑ አንድ ጣሳ ማጠጣት ግን ከንቱ ድካም ነው፦ ላይ ላዩን ብቻ አርሶ በማግስቱ ይተናል፤ ሥሩንም ወደ ላይ ይስባል። ውሃው የሚፈሰው በግንዱ ሥር ሳይሆን በቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩ በሚቆፈር ጥልቀቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ቦይ ውስጥ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።

ከውሃው እኩል የሚሠራው ጉዝጓዝ ነው። ደረቅ ሣር፣ የሙዝ ቅጠል፣ የዋንዛ ቅጠል ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ኖሮት ይነጠፋል። ከግንዱ አንድ ጋት ያህል ይርቃል፤ ግንዱን ከነካ ምስጥና መበስበስ ይከተላል። ጅማ ውስጥ ከቡና መፈልፈያ የሚወጣው ገለፈት በርካሽ ስለሚገኝ ብዙ ሰው እንደወረደ ያነጥፈዋል። ትኩሱ ገለፈት ሲበሰብስ ይሞቃል፤ ናይትሮጂኑንም ከአፈሩ ይስባል። መጀመሪያ ከእበትና ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ ከ3 ወር ላላነሰ ጊዜ መብላላት አለበት።

ቤተሰቡ 8ቱን እግር እንደተባለው አጠጣ፤ ከሁለቱ ሥር ግን ጉዝጓዝ አላነጠፈም፤ ሣሩ አልቆባቸው ነው። በመጋቢት ሲታይ ጉዝጓዝ የነበራቸው 6ቱ ፍሬያቸውን በደህና ይዘዋል። ሁለቱ ተመሳሳይ ውሃ ጠጥተው ከሥራቸው የረገፈ ፍሬ ተከምሯል።

የተዘራው ዘር

በጥር ዝናብ ማግስት ልጅየው በቆሎና ቦሎቄ ለመዝራት ዶማ ይዞ ወረደ። በአጥር ማዶ ያሉ አንድ አዛውንት ጎረቤት ወደ እናቱ ዘልቀው፣ እትዬ፣ ይህ የቡና ዝናብ ነው፣ ለዘር አይመኑት ብለው ነበር። ምክራቸው በግማሽ ተሰማ፤ የመሬቱ ግማሽ ተዘራ፣ የዘሩ ግማሽ ተቀመጠ።

የጎረቤቱ አባባል ከሒሳብ ጋር ይገጥማል። ስንዝር የሚያረጥብ ዝናብ በጅማ ቀይ አፈር ላይ በግምት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው። በየካቲት ሐሩር ራቁቱን የቀረ አፈር ቡቃያውን ጨምሮ በቀን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያጣል። ከ10 ቀን በኋላ የሚቀር ነገር የለም። በቆሎ ደግሞ በ5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተዘርቶ ከ6 እስከ 8 ቀን ውስጥ ይበቅላል። ስለዚህ ዝናቡ ዘሩን አብቅሎ፣ ሁለት ሦስት ቅጠል እስኪያወጣ አድርሶት ትቶት ሄደ። ዘሩ ሳይበቅል መሬት ውስጥ ቢቆይ ይሻለው ነበር።

ለመዝራት የሚበቃ ዝናብ መምጣቱን የሚያሳየው ሰማዩ ሳይሆን አፈሩ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ከሥሩ እፍኝ አፈር መጨበጥ። ተጨብጦ ሲለቀቅ ቅርጹን ይዞ ከቆየ፣ በአውራ ጣት ሲነካ ደግሞ ከፈረሰ ለዘር በቅቷል። ገና በእጅ ላይ እያለ ከተበተነ ደረቅ ነው፤ እጅ ላይ ከተለጠፈና ካብረቀረቀ ከልክ በላይ እርጥብ ነው፣ ዘሩ ይበሰብሳል። ይህ ከሆነ በኋላም ቢሆን ሁለተኛ ዝናብ በሳምንት ውስጥ እስኪደገም መጠበቅ ጉዳት የለውም።

በደረቁ ሳምንታት የተረፉት የበቆሎ ቡቃያዎች ላይ ተምች ገባ። ይህ ከአሜሪካ የመጣው ተምች በኢትዮጵያ የታየው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን መጀመሪያ የተገኘውም በዚሁ በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው። ደረቅና ሞቃት ጊዜ ይስማማዋል፤ ዝናብ ትንንሾቹን ትሎች ያጥባቸዋል። ምልክቱ ቅጠሉ ላይ እንደ መስኮት የሳሱ ነጭ ነጠብጣቦች ነው። በጓሮ ልክ ከሆነ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም። ጠዋት ጠዋት መሐሉን እየገለጡ ትሉን በጣት መጨፍለቅ፣ ከቅጠሉ ሥር በጥጥ መሰል ነገር የተሸፈነ የእንቁላል ክምችት ሲገኝ ማሸት፣ በቡቃያው መሐል ቁንጥር አሸዋ ከአመድ ጋር መጨመር ይበቃል። ትሉ አድጎ ውስጥ ከገባና ኩሱን እንደ ሰጋቱራ ማውጣት ከጀመረ በኋላ ግን አይደረስበትም።

ጎመኑ ላይ በዚያው ሰሞን ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ጥቃቅን ተባይ ወረደ። በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ፣ ወደ ማታ፣ የቅጠሉን ጀርባ እስኪንጠባጠብ መርጨት፣ በ4 ቀኑ መድገም። በቀን ሐሩር የተረጨ ሳሙና ቅጠሉን ያቃጥላል። የተወረረውን የታችኛውን ቅጠል መቅጠፍ ደግሞ ከርጭቱ ሥራ ግማሹን ያስቀራል።

ቲማቲሙ ላይ የታየው ሌላ ነገር ነው፦ የፍሬው ቂጥ እየጠቆረ ተጠፈጠፈ። ቤተሰቡ በሽታ መስሎት የፈንገስ መድኃኒት ሊገዛ ነበር። ይህ ግን በሽታ አይደለም። ውሃ አንድ ቀን ሞልቶ ሌላ ቀን ሲጠፋ ካልሲየም ወደ ፍሬው ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል፤ ጫፉም ይሞታል። የጠቆረውን ቀጥፎ መጣል፣ ከሥሩ ጉዝጓዝ ማንጠፍ፣ በየ2 ቀኑ እኩል መጠን ማጠጣት ብቻ ነው መፍትሔው። መድኃኒቱ ቢገዛ ኖሮ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው፤ የጠቆረ ቲማቲም ሁሉ ምች የመታው አይደለም።

በረዶው

በመጋቢት የወረደው በረዶ ከሩብ ሰዓት አልበለጠም። በረዶ በተለይ ከረጅም ሐሩር በኋላ የሚመጣው የሞቀው መሬት አየሩን በኃይል ወደ ላይ ስለሚያነሳው ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚሆነውም ለዚሁ ነው። ቆስጣው እንደ ወንፊት ተበሳሳ፤ የአቮካዶው ገና የቋጠረው ፍሬ መሬቱን ሸፈነ፤ ቦሎቄው ተሰበረ፤ በቆሎው ተቦጫጨቀ።

ከበረዶ በኋላ ያለው ትልቁ ስሕተት ችኮላ ነው። ሁሉንም ነቅሎ እንደገና መዝራት ያሰኛል። ነገር ግን 5 ወይም 6 ቅጠል ያልደረሰ በቆሎ የሚያድግበት ጫፍ ገና ከአፈር በታች ነው፤ በረዶው አልነካውም። አንዱን ቡቃያ ነቅሎ ግንዱን በቁመቱ መሰንጠቅ ነው፦ ከሥሩ ያለው ጫፍ ነጭና ጠንካራ ከሆነ ሕያው ነው፣ ቡናማና ልስልስ ከሆነ ሞቷል። ከ5 እስከ 7 ቀን ሲጠበቅ አዲስ ቅጠል ከመሐል ይወጣል። ቦሎቄ ግን ሌላ ነው። የሚያድግበት ጫፍ ከአፈር በላይ ስለሆነ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ወፍራም ቅጠሎች በታች ከተሰበረ አይመለስም። በዚህ ግቢ በቆሎው ተትቶ ዳነ፤ ቦሎቄው ቦታ ላይ የተቀመጠው የዘር ግማሽ ተዘራ። በረዶው ሲዘንብ ጎተራ ውስጥ የነበረው ዘር ነው የቤቱን እሸት ያተረፈው።

ቆስጣው ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ ተቆረጠ፤ በወሩ ገደማ እንደገና ለድስት ደረሰ። ቲማቲሙን እርጥብ እያለ መንካት አይገባም። በቁስሉ በሽታ ይገባል፤ እጅና መቀስም ከአንዱ ወደሌላው ያደርሰዋል። ቅጠሉ ሲደርቅ የተሰበረውን ቅርንጫፍ ማንሳት፣ የመዳብ መድኃኒት ካለ ዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ በ1 ቀን ውስጥ መርጨት። ዩሪያ ለመስጠት ግን አይቸኩሉ። የተጎዳ ሥር አይቀበለውም፤ የሚወጣው ለስላሳ ቅጠልም ለምች የተመቸ ይሆናል። አዲስ ቅጠል ሲታይ ይደርሳል።

በረዶው ላይ ላዩን የደበደበው አፈር ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል፤ ውሃም አየርም አያስገባም። መኮትኮቻ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ አስገብቶ መስበር ይበቃል፤ አፈሩ ከመሣሪያው ላይ መለጠፍ ሲተው እንጂ ጭቃ እያለ አይደለም።

እንሰቱና ሙዙ ከሁሉ ይልቅ የተበጣጠሱ መስለው ታዩ፤ ከሁሉ ያነሰ የተጎዱት ግን እነሱ ናቸው። የእንሰት ቅጠል ተሰንጥቆም ይሠራል። ዋናው አደጋ የመጣው ከጽዳቱ ነበር፦ የተቦጫጨቀውን ቅጠል ለማንሳት አንድ ቢላዋ ከእንሰት ወደ እንሰት፣ ከእንሰት ወደ ሙዝ ሲዞር። የእንሰት አጠውላጊ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ በዋናነት የሚዛመተው በመቁረጫ ነው፤ ሙዝንም ይይዛል። ቢላዋውን ከአንዱ ተክል ወደሌላው ሲያልፉ ምላጩን በእሳት ማጋል ያስፈልጋል። ማድ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ፍም በቆርቆሮ ይዞ መውረድ ይቻላል። ያልተሰበረ ቅጠል ለመልክ ሲባል አይቆረጥም። በሽታው አንዴ ከገባ መድኃኒት የለውም፤ ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ መቅበር ብቻ ነው የሚቀረው።

ውሃው በቤት ውስጥ

በደረቁ 6 ሳምንታት ቤቱን ያስጨነቀው የቧንቧ ውሃ ነበር፤ ከመጋቢት በኋላ ደግሞ የሚሄድበት ያጣ የዝናብ ውሃ። ለሁለቱም መፍትሔው ጣራው ላይ ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 400 ሊትር ይሰጣል፤ የሚፈናጠቀውና የሚተነው አምስተኛው ያህል ቢታሰብ 320 ሊትር፣ ማለት 16 ጄሪካን ይቀራል። የጥር ዝናብ በሙሉ ቢጠራቀም ኖሮ ለ8ቱ እግር ቡና ለ5 ሳምንት ያህል ይበቃ ነበር። አሸንዳው ግን አልነበረም፤ ሮቶውም ከበረዶው በኋላ ነው የተገዛው።

አሸንዳ ሲገጠም በ1 ሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያዘቀዝቃል፤ ከዚያ ካነሰ ውሃ ያቁራል። ከበጋ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያ ውሃ አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባል፤ ለዚህ ጣራ ልክ የመጀመሪያዎቹ 2 ጄሪካኖች ወደ ጓሮ ይሂዱ። ለመጠጥ የሚሆነው ይፈላ ወይም ውሃ አጋር የተባለው የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨመርበት። ሮቶው ክዳን ይኑረው፣ የሚተርፍበት ቱቦ አፉ ላይ በወንፊት ይታሰር።

ይህ ከወባ ጋር የተያያዘ ነው። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁ የሚቀሩት ትንንሽ ኩሬዎች ለወባ ትንኝ ከከባዱ ክረምት የበለጠ ይመቻሉ፤ የክረምቱ ጎርፍ እጮቹን ጠራርጎ ይወስዳቸዋል። ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ በሞቃት አየር 10 ቀን ገደማ ይበቃል። ስለዚህ በሳምንት አንድ የተወሰነ ቀን ግቢውን መዞር፦ የተጣለ ጣሳ፣ የጎማ ቁራጭ፣ የጫማ ኮቴ ያቆረው፣ የተቆፈረ የቡና ጉድጓድ። የሚደፋውን መድፋት፣ የማይደፋውን በአፈር መሙላት። አጎበሩ ከየካቲት ጀምሮ መሰቀል አለበት።

ግቢው ታች በኩል ውሃ ከ2 ቀን በላይ ቆመ። ለአቮካዶው ይህ ከበረዶው የከፋ ነው፤ በቆመ ውሃ ሥሩ ይበሰብሳል፣ ከወራት በኋላ ቅጠሉ እየቀጨጨ ከጫፍ መድረቅ ይጀምራል። ከዛፉ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ በአግድም ተቆፍሮ ውሃው ወደ አጥሩ ዳር ተመራ። ከቦዩ ጠርዝ ላይ ቬቲቨር ሣር በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ተተከለ። ይህ ሣር ወደ አገር የገባው በ1960ዎቹ ዓ.ም. በጅማው (መልኮ) የምርምር ማዕከል በኩል ነው፤ ሥሩ ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን ስለማይሄድ ከአትክልት ጋር አይሻማም። ቦዩ ውሃውን በጎረቤት ግቢ ላይ እንዳያወርደው አስቀድሞ መነጋገር ያሻል፤ በጅማ ቁልቁለቶች ብዙ የሰፈር ጠብ ከዚህ ይነሳል።

ከበልጉ በኋላ የመጣው ሒሳብ

በመጋቢቱ ዝናብ በጥላው ሥር የተኙት 12 እግሮች አንድ ላይ ፈኩ። ግቢው ውስጥ አሁን ሁለት ዕድሜ ያለው ፍሬ አለ፦ የጥር ዝናብና የመጋቢት ዝናብ ያመጡት። ከመጋቢት ወዲያ ዝናቡ አለማቋረጡ ለእነዚህ ሌላ ፈተና አመጣ። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ የታወቀው በ1971 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን እርጥበትና ቅዝቃዜ ይስማማዋል፤ ይበልጥ የሚያጠቃውም ከአበባ በኋላ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ እያደገ ያለውን አረንጓዴ ፍሬ ነው። የመጋቢቱ ፍሬ ያ ዕድሜው በቀጥታ በከባዱ ዝናብ ላይ ወደቀ። ከ12ቱ ውስጥ የድሮዎቹ እግሮች ላይ የጠቆረና የሰረጎደ ፍሬ ታየ። ከመልኮ የምርምር ማዕከል ዝርያ 74110 የሆኑት 3 እግሮች በመሐላቸው ቆመው ንጹሕ ነበሩ። የነዚህ ዝርያዎች ቁጥር 74 ብሎ የሚጀምረው በሽታውን ለመቋቋም የተመረጡት በ1974 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ ነው። የጠቆረውን ፍሬ ለቅሞ መቅበር፣ ከመጠን በላይ የተጠጋጋውን ቅርንጫፍ አሳስቶ አየር ማስገባት የሚቻለው ነው፤ በሚቀጥለው ሰኔ በተጠቁት ምትክ የሚቋቋም ዝርያ መትከል ደግሞ የሚገባው።

የጥር ዝናብ ያፈካው አበባ ፍሬ ከ8 ወር ገደማ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻ ቀላ። ሰዎች ቀድሞ መድረሱን እንደ ትርፍ ያዩታል። በመስከረም ግን ጅማ ገና ይዘንባል፤ እሸቱን የሚያደርቅ ፀሐይ የለም። የመጋቢቱ ደግሞ እስከ ኅዳር ይቆያል። ስለዚህ ይህ ቤት በአንድ ጊዜ ሊለቅም ይችል የነበረውን ቡና በ4 ዙር ለቀመ። ቀይና አረንጓዴው አንድ ላይ ከታጨደ አረንጓዴው ጣዕሙን ስለሚያበላሽ ሌላ መንገድ አልነበረም።

ለዚህ የሚረዳው ከአበባው ቀን ጀምሮ የሚሠራ ቀላል ነገር ነው። በየካቲት ያበበው ቅርንጫፍ ላይ ቀይ ክር፣ በመጋቢት ያበበው ላይ ነጭ ክር ማሰር። በመስከረም ማን መጀመሪያ እንደሚለቀም ክሩ ይናገራል፤ የሰው ጉልበትም አስቀድሞ ይያዛል። ለመጀመሪያው ለቀማ አልጋው በበረንዳ ወይም ከፍ ባለ የላስቲክ ጣራ ሥር ይቀመጣል፤ ላስቲኩ ከአልጋው ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ይበል፣ ጎኖቹ ክፍት ይሁኑ። እሸቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ሳስቶ ይነጠፋል፤ በቀን ከ6 እስከ 8 ጊዜ ይገላበጣል። በኅዳር ፀሐይ 3 ሳምንት የሚወስደው ማድረቅ በመስከረም 5 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ ከአልጋው በታች ፍም በማስቀመጥ ማፋጠን ግን ጭስ ያሸተዋል፣ ገዢውም ወዲያው ያውቀዋል።